የላኮታን የምግብ ባህል ከወጣቶች ጋር መመለስ፦ የጋራ ጓሮ አመሠራረትና አያያዝ መመሪያ

በሰሜን አሜሪካ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ የኖሩት ላኮታዎች ዛሬ በአብዛኛው በደቡብ ዳኮታ፣ በከፊልም በሰሜን ዳኮታ፣ በፓይን ሪጅ፣ በሮዝበድ፣ በሻየን ሪቨር፣ በስታንዲንግ ሮክና በሎወር ብሩል ሪዘርቬሽኖች (ለነባር ሕዝቦች በተከለሉ ግዛቶች) ይኖራሉ። በእነዚህ ቦታዎች ወጣቶች የሚያለሟቸው የጋራ ጓሮዎች ተመሥርተዋል፤ ዓላማቸውም ልጆች ቅድመ አያቶቻቸው ይመገቡት የነበረውን ዘርተው፣ ለቅመው፣ አድርቀውና አብስለው በእጃቸው እንዲያውቁት ማድረግ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሱ ፎልስ ከተማና በአካባቢው ለሚኖሩ፣ በመምህርነት፣ በጤና ወይም በግብርና ሙያ ከላኮታ ማኅበረሰብ ጋር ለሚሠሩ ወይም ለመሥራት ለሚያስቡ ኢትዮጵያውያን ነው፤ የአንድ ሕዝብ ምግብ ከጠፋበት እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ ለሚሻ አንባቢም ይጠቅማል። ወራቱ በኢትዮጵያ፣ ዓመታቱ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መጨበጥ ያስፈልጋል። የላኮታ ምግብ በአብዛኛው ከእርሻ የመጣ አልነበረም። መሠረቱ የጎሽ ሥጋ፣ ከሜዳ የሚቆፈር ሥራ ሥርና ከወንዝ ዳር ቁጥቋጦ የሚለቀም ፍሬ ነበር፤ በቆሎውን፣ ቦሎቄውንና ዱባውን በሚዙሪ ወንዝ ዳር ከሚያርሱት ከአሪካራ፣ ከማንዳንና ከሂዳትሳ ሕዝቦች በቋንጣና በቆዳ ይለውጡት ነበር። ስለዚህ ጓሮው ከአጥሩ ውጭ ካለው ሜዳ፣ ከወንዙ ዳር ጫካ፣ ከጎሹ መንጋና ከማዕድ ቤቱ ጋር ካልተያያዘ እንደማንኛውም የአትክልት ቦታ ሆኖ ይቀራል። ቲማቲምና ሰላጣ ማብቀል ለጤና መልካም ነው፤ የላኮታን ገበታ ግን አይመልስም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ እምነት ነው፦ ሥራው የሚታቀደው ምግቡ በየወሩ ከየት ይገኝ እንደነበረ በመከተል ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ታሪክ

ይህን ታሪክ ያላወቀ ሰው አካፋ ባያነሣ እመርጣለሁ። በ1868 የተፈረመው የፎርት ላራሚ ውል ለላኮታዎች ብላክ ሂልስ የተባሉትን ተራሮች ጨምሮ ሰፊ ምድር አረጋግጦላቸው ነበር። በተራሮቹ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ግን የአሜሪካ ኮንግረስ በ1876 ላኮታዎች ተራሮቹን ካላስረከቡ ከመንግሥት የሚሰጣቸው የምግብ ራሽን እንዲቋረጥ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ጎሹም በ1880ዎቹ መጀመሪያ በቆዳ ነጋዴዎች አዳኞች ተጨፍጭፎ ከሰሜኑ ሜዳ ጠፋ። በ1889 የቀረው ምድር ወደ ትናንሽ ሪዘርቬሽኖች ተከፋፈለ። አደኑ ሲቀር ገበታው በራሽን ዱቄት፣ በስኳር፣ በቡናና በጨው በተያዘ የአሳማ ሥጋ ተተካ፤ ከዱቄቱና ከሞራው ዛሬ በየበዓሉ የሚቀርበው ፍራይ ብሬድ የተባለው በዘይት የሚጠበስ ቂጣ ተወለደ። ከ1977 ሕግ ወዲህ በሪዘርቬሽኖች የሚሠራው የመንግሥት የምግብ ማከፋፈያ ፕሮግራምም ለረጅም ጊዜ ሲያድል የኖረው በአመዛኙ የታሸገ ምግብ፣ ነጭ ዱቄትና ቅባት ነው። በላኮታዎች ዘንድ የስኳር በሽታ የበረታበትን ምክንያት ለመረዳት ከዚህ ታሪክ መነሣት ያስፈልጋል።

ለሻየን ሪቨርና ለስታንዲንግ ሮክ ደግሞ ሌላ ኪሳራ አለ። በ1944 የጸደቀው የሚዙሪ ወንዝ ልማት ዕቅድ ያስገነባው የኦዋሂ ግድብ ከ60 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆን የሁለቱን ሪዘርቬሽኖች መሬት በውሃ አጥለቀለቀ። የጠፋው ለም የወንዝ ዳር መሬት ነበር፤ የቤተሰብ ጓሮዎች፣ የዱር ፍሬ ቁጥቋጦዎችና የመድኃኒት ተክሎች የነበሩት እዚያው ነው። አንዲት አያት «ፍሬ የምንለቅምበት ቦታ አሁን ከውሃ በታች ነው» ቢሉ ቃል በቃል እንደዚያው ነው።

ይህ ታሪክ በአሠራር ላይ ሁለት ነገሮችን ያስገድዳል። አንደኛ፣ የአያቶችን ፍራይ ብሬድ ማንቋሸሽ አይገባም። ያ ቂጣ በረኃብ ዘመን ልጆችን ያሳደገ ምግብ ነውና የጓሮው ሥራ ከእርሱ ጎን ሌላ ምግብ ማቅረብ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የጓሮ ሥራ መቼም ቢሆን ቅጣት መሆን የለበትም። ከ1879 ጀምሮ የላኮታ ልጆች ወደ ካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ሲወሰዱ የቀኑን እኩሌታ በማሳ፣ በልብስ ማጠቢያና በማዕድ ቤት ጉልበት ሥራ ያሳልፉ ነበር። መኮትኮቻ የያዘ ልጅ በቆመ አለቃ ፊት በረድፍ ተሰልፎ ሲሠራ ማየት በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ይህን ትዝታ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ወጣቶቹ የሚመጡት ወደው ነው፤ ሰዓት አልፎ የመጣ ወይም ትምህርት ቤት የረበሸ ልጅ «አረም ንቀል» ተብሎ አይላክም።

በብርዱ ወራት የሚሠራው ሥራ

ጓሮው የሚጀምረው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ መሬቱ በበረዶ ሥር ሳለ ነው። በእነዚህ ወራት ዋናው ሥራ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን መጠየቅ ነው። ከላኮታ ሥርዓት ጋር የሚስማማው አካሄድ ጥያቄን ይዞ ባዶ እጅ አለመሄድ ነው፤ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ጥቂት ትንባሆ ይሰጣል፤ ቡና፣ ሥጋ ወይም የማገዶ እንጨት መውሰድም መልካም ነው። የውጭ ሰው ብቻውን ከሚሄድ የልጅ ልጅ ወይም የወንድም ልጅ የሆነ ወጣት አስቀድሞ ቢሄድ ይሻላል፤ ቲዮሽፓዬ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ዕውቀት የሚተላለፈው በዝምድና ነውና። የሚጠየቀውም ቀላል ነገር ይሁን፦ ልጅ ሳሉ ምን ይለቅሙ ነበር? የት? ማን ያደርቀው ነበር? በምን ይበላ ነበር? ወጣቶቹ መልሱን በድምፅ መቅዳት ካሰቡ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ቅጂውም የቤተሰቡ ንብረት ሆኖ ይቀመጥ። ቅዱስ ናቸው የተባሉ ጸሎቶችና ሥርዓቶች አይቀዱም፣ በጽሑፍም አይወጡም።

በዚሁ ጊዜ የመሬቱ ጉዳይ ይጠናቀቃል። በ1887 የወጣው የመሬት ክፍፍል ሕግ የጋራውን ምድር በግለሰብ ድርሻ ከሸነሸነው በኋላ ወራሾች በየትውልዱ እየበዙ ስለሄዱ አንድ ማሳ የብዙ ሰዎች የጋራ ንብረት ሆኖ ይገኛል፤ የሁሉንም ስምምነት ማግኘትም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የትምህርት ቤት፣ የወጣት ማዕከል፣ የጎሳው መንግሥት ወይም የጎሳ ኮሌጅ ይዞታ የሆነ መሬት መምረጥ ይበጃል። ሲንቴ ግሌስካ ዩኒቨርሲቲ በሮዝበድ፣ ኦግላላ ላኮታ ኮሌጅ በፓይን ሪጅ፣ ሲቲንግ ቡል ኮሌጅ በስታንዲንግ ሮክ ይገኛሉ። ፈቃዱ በቃል ብቻ እንዳይቀር፤ የአካባቢው ምክር ቤት በስብሰባ የሰጠው የጽሑፍ ውሳኔ ይኑር።

ጓሮው ልጆች በእግራቸው ሊደርሱበት የሚችሉበት ቦታ ቢሆን ከለም አፈር ይልቅ ይጠቅማል። አፈር ይሻሻላል፤ በሪዘርቬሽን የመጓጓዣ እጥረት ግን ሰፊ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳለት ሰው የሌለው ልጅ ሁለተኛ አይመጣም። የሻየን ሪቨር የወጣቶች ፕሮጀክት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በ1988 በኢግል ቢዩት ከተማ የተመሠረተ ሲሆን ዊንያን ቶካ ዊን የተባለው ጓሮው ልጆች ከትምህርት በኋላ ከሚውሉበት ማዕከል አጠገብ ነው።

አፈር፣ ውሃና ነፋስ

በምዕራብ ደቡብ ዳኮታ የሚዘንበው ዝናብ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከመጨረሻው የፀደይ ውርጭ እስከ መጀመሪያው የመከር ውርጭ ያለው ጊዜ ደግሞ ወደ 120 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ይህም በግምት ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። በብዙ ቦታ አፈሩ ሲረጥብ ጫማ የሚነቅል፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ከባድ ሸክላና አልካላይን የበዛበት ነው፤ በደቡብ በኩል ግን አሸዋማ ይሆናል። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ በየዓመቱ አንድ እጅ ውፍረት ያህል መጨመር፣ የአፈሩንም ፊት በገለባ መሸፈን። ከባድ ሸክላ እርጥብ ሳለ ፈጽሞ አይቆፈርም፤ ከተቆፈረ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጡብ ይደርቃል።

ስለ ፍግ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአካባቢው የፈረስና የከብት ፍግ በነጻ ይገኛል፤ ነገር ግን እንስሳው የበላው ድርቆሽ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች በሚገድል መድኃኒት ተረጭቶ ከሆነ መድኃኒቱ በሆድ ውስጥ አልፎ፣ በብስባሹም ውስጥ ቆይቶ ቦሎቄንና ቲማቲምን ያጠፋል። መከላከያው ርካሽ ነው፦ ፍጉን ከአፈር ጋር ቀላቅሎ በጥቂት ጣሳዎች ቦሎቄ መዝራት፣ ከጎኑም ፍግ በሌለበት አፈር ሌላ ቦሎቄ መዝራትና ሦስት ሳምንት መጠበቅ። በፍጉ ላይ የበቀለው ቅጠሉ ከተጠማዘዘና እንደ ጽዋ ከታጠፈ ያ ፍግ ወደ ጓሮው አይገባም። ይህን ሙከራ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች መስጠት እወዳለሁ፤ በመጋቢት ወር በመስኮት ሥር የሚሠራ እውነተኛ ሳይንስ ነው፤ ውሳኔውም የእነርሱ ይሆናል።

ውሃን በተመለከተ፣ በበጋው ሙቀት በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ይህ ለ100 ካሬ ሜትር ጓሮ 2,500 ሊትር ማለት ነው። ቁጥሩ አስቀድሞ ይሰላ፤ ብዙ ጓሮዎች በሐምሌ የሚሞቱት የውሃው መጠን ሳይታሰብ መሬቱ ስለሰፋ ነው። ከሚዙሪ ወንዝ ወደ ፓይን ሪጅ፣ ሮዝበድና ሎወር ብሩል ውሃ የሚያደርሰው የሚኒ ዊቾኒ መስመር በደረሰበት ቦታ ከእርሱ መጠቀም ይመረጣል፤ በአንዳንድ የግል ጉድጓዶች አርሴኒክና ዩራኒየም ስለሚገኝ የጉድጓድ ውሃ ሳይመረመር ለምግብ ሰብል አይውልም። የጠብታ መስኖ ቱቦ ከገለባ በታች ከተዘረጋ ውሃውን ከነፋስና ከፀሐይ ያድናል።

ነፋሱ ያለማቋረጥ ይነፍሳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከማንኛውም መደብ በፊት፣ በሰሜንና በምዕራብ በኩል የነፋስ መከላከያ ይተከል። እዚህ ላይ የላኮታ ምግብና የጓሮው ጥቅም አንድ ይሆናሉ፦ ቻንፓ የሚባለው ጥቁር የዱር ቼሪ፣ የዱር ፕለም፣ እሾሃማው ቀይ የጎሽ ፍሬና ጁንቤሪ ሁሉም የአገሩን ብርድና ድርቅ የሚችሉ ቁጥቋጦዎች ናቸው። በሁለት ረድፍ፣ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ተተክለው ሲያድጉ ከቁመታቸው አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ነፋሱን ያበርዳሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፍሬ ይሰጣሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ቢያጥርና ከመደብና ከአጥር ቁጥቋጦ አንዱን መምረጥ ቢያስፈልግ ቁጥቋጦውን እመርጣለሁ።

የሚዘራው

የሚዘራው በቆሎ ከሱቅ የሚገዛው ረጅሙ ጣፋጭ በቆሎ ሊሆን አይገባም። በላይኛው ሚዙሪ ዳር የኖሩት ሕዝቦች በብዙ ትውልድ የመረጧቸው ዝርያዎች ቁመታቸው አጭር፣ ፈጥነው የሚደርሱና ነፋስ የሚችሉ ናቸው፤ ለ120 ቀኑ ወቅት የተሠሩ ናቸውና። የአሪካራ ቢጫ ቦሎቄ፣ የሂዳትሳ ቀይ ቦሎቄና የአሪካራ ዱባም ዛሬ በዘር ጠባቂዎች ዘንድ ይገኛሉ። እነዚህ ዘሮች ባለቤት አላቸው፤ ማንዳኖች፣ ሂዳትሳዎችና አሪካራዎች ዛሬ በሰሜን ዳኮታ በፎርት በርትሆልድ ሪዘርቬሽን በአንድ ጎሳዊ መንግሥት ሥር ይኖራሉ። ዘሩ ከየት እንደመጣ በመደቡ ላይ ይጻፍ፣ ለልጆቹም ይነገር፤ ከተቻለ ከራሳቸው ከባለቤቶቹ ይጠየቅ። ላኮታዎችና አሪካራዎች የነገዱበትም የተዋጉበትም ዘመን ነበረ፤ ሁለቱንም መናገር ለወጣቶቹ ክብር መስጠት ነው።

አዘራሩ የሂዳትሳ ሴቶችን ልማድ ቢከተል መልካም ነው። መሬቱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሚያዝያ፣ የሱፍ አበባ በማሳው ዳርቻ ይዘራል። አፈሩ ሲሞቅ፣ በግንቦት አጋማሽ፣ በቆሎው በትናንሽ ቁልል አፈር ላይ ይዘራል፤ ከቁልል እስከ ቁልል አንድ ሜትር ወይም ጥቂት ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ከስድስት እስከ ስምንት ፍሬ ወደ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይገባል፤ ሲበቅልም ይሳሳል። በቆሎው አንድ ስንዝር ሲሆን ቦሎቄው ይከተላል። ዱባው በማሳው ጠርዝ ቢሆን ይሻላል፤ መሃል ከተዘራ ሐረጉ መተላለፊያ ያሳጣል፤ ብዙ ልጆች በሚረግጡት ጓሮ ውስጥ ደግሞ መተላለፊያ የግድ ነው። ቁልል አፈር ለአራሚ ልጅ ድንበሩን በግልጽ ስለሚያሳይ ከቀጥታ መስመር ይልቅ ለጀማሪ ይመቻል።

የሂዳትሳ ልጃገረዶች በማሳው መካከል ማማ ሠርተው በቆሎው እስኪደርስ ወፍና ፈረስ ይጠብቁ፣ በዚያም ላይ ተቀምጠው ይዘፍኑ ነበር። የገጠር ልጅነት ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ሥራ ያውቀዋል። በዛሬውም ጓሮ አንድ ጠንካራ ማማ ከጥላ ጋር መሥራት አጥብቄ እመክራለሁ፦ በሐምሌና በነሐሴ ልጆች የሚሰበሰቡበት፣ አያቶች የሚቀመጡበት፣ ተረት የሚነገርበት ቦታ ይሆናል። ፌንጣ በበዛበት ዓመት ዶሮዎችን በአጥሩ ዙሪያ ማሰማራት ይረዳል። የበረዶ ውሽንፍር ግን ምንም አይመክተውም፤ ስለዚህ ጥቂት ዘር ለሁለተኛ ጊዜ መዝሪያ ይቀመጥ፤ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ቦሎቄና ዱባ እንደገና ሊዘራ ይችላል።

ከአጥሩ ውጭ

ቲምፕሲላ የላኮታዎች ዋና ሥራ ሥር ነው። የሚቆፈርበት ጊዜ አጭር ሲሆን በግምት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይዘልቃል፤ በብዙ ላኮታዎች ዘንድ ያ ወር ራሱ በዚህ ተክል ይጠራል። ጸጉራም ግንድ፣ እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጋ ባለ አምስት ቅጠልና ሰማያዊ ወይን ጠጅ አበባ አለው። ዘሩ ሲበስል ግንዱ ከሥሩ ተቆርጦ ነፋስ ያንከባልለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሥሩ የት እንዳለ ማንም አያገኘውም። የግብጦ ዘመድ የሆነ መርዛማ የዱር ተክል በቅጠሉ ስለሚመስለው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡ ልጆች ተክሉን ከሚያውቅ ሰው ጋር ብቻ ይሂዱ።

አቆፋፈሩ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ሥር በፊት ጸሎትና ጥቂት ትንባሆ ለምድሪቱ ይሰጣል፤ ይህን የሚመራው ከማኅበረሰቡ የሆነ ሰው ነው። ከዚያ የብረት ዘንግ ወይም ሹል ጠንካራ እንጨት ከግንዱ አጠገብ ዘልቆ ይገባና ወደ ላይ ይፈነቀላል፤ ዕንቁላል የሚያህለው ሥር ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። ትንንሾቹ አይነኩም፤ ከአንድ ኮረብታም ጥቂቱ ብቻ ይወሰዳል፤ ምክንያቱም ተክሉ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል። ዘር የያዘው ራስ ተቆርጦ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ አፈር ይለብሳል። ቤት እንደተገባ ቡናማው ልጣጭ በቶሎ ይላጣል፤ ከደረቀ እምቢ ይላል። የላኮታ አያቶች ቀጭኑን የሥር ጭራ ሳይቆርጡ እየጎነጎኑ ረጅም ጉንጉን ይሠሩና ይሰቅሉታል። የደረቀው ቲምፕሲላ ለዓመታት ይቆያል፤ አድሮ ተዘፍዝፎ በቋንጣና በደረቀ በቆሎ ሾርባ ይሠራል፤ ተፈጭቶም ማወፈሪያ ዱቄት ይሆናል። በጓሮው ውስጥ ለማብቀል የሚሞክሩ ሰዎች ጠንካራውን የዘር ቅርፊት በአሸዋ ወረቀት ፍቀው፣ ብርድ አስመትተው ይዝሩት፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ከሜዳ ላይ ሙሉ ተክል ነቅሎ ማዛወር አይመከርም።

በወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ምግብ ደግሞ ለልጆች የተለየ ትምህርት አለው። ከመሬት በታች ፍሬ የሚያፈራ የዱር ቦሎቄ አለ፤ የሜዳ አይጦች ይህን ፍሬ እየለቀሙ ለብርዱ ወራት በጉድጓዳቸው ያከማቻሉ። የላኮታና የዘመዶቻቸው የዳኮታ ሕዝብ ሴቶች ከአይጧ ጎተራ ይወስዱ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉንም ጠርገው አይወስዱም፤ በምትኩም በቆሎ ወይም ሞራ ይተዉላት ነበር። ከልጆቹ ጋር ይህን ለማድረግ የሚያስብ ሰው በቆሎውን ከራሱ ከጓሮው ይውሰድ።

ቻንፓ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ጥቁር ሆኖ ይበስላል። በባህሉ በውስጡ ካለው ጠንካራ ዘር ጋር በድንጋይ ተቀጥቅጦ፣ በእጅ ጠፍጣፋ ቂጣ ተደርጎ በፀሐይ ለቀናት ይደርቃል። ይህ ዘርና ቅጠሉ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላላቸው ሕፃናት ጥሬውን ዘር እንዳያኝኩ ይጠበቁ፤ መቀጥቀጥና ማድረቅ፣ ማብሰልም፣ ይህን ይቀንሰዋል። አሠራሩን የሚያሳይ ልምድ ያለው ሰው በሌለበት ፍሬውን ቀቅሎ በወንፊት ማጥለል ይሻላል። የዱር ፕለሙ በነሐሴ መጨረሻ ይቀላል። የጎሽ ፍሬው ግን ውርጭ ከመታው በኋላ ይጣፍጣልና እስከ መስከረም ማብቂያ ይጠበቅ፤ ከቁጥቋጦው በታች አንሶላ ዘርግቶ ቅርንጫፉን በዱላ መምታት ከእሾሁ ያድናል።

መንገድ ዳር መልቀም አይገባም፤ የአረም መድኃኒት ይረጫልና። የሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መግባትም ችግር ያመጣል፤ ሪዘርቬሽን ውስጥ ብዙ መሬት በግል ባለርስቶች የተያዘ ነው።

ማዕድ ቤት

ምርቱ በጥሬው ታድሎ ከተበተነ ግማሹ ሥራ ቀርቷል። ከጓሮው ጋር የሚሄድ ማዕድ ቤት፣ ቢቻል በትምህርት ቤት ወይም በማኅበረሰብ አዳራሽ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይዘጋጅ።

የነሐሴ እሸት በቆሎ ጥቂት ደቂቃ ተቀቅሎ ከቆረቆንዳው ይፈለፈልና በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርቃል፤ ዱባውም በቀለበት ተቆርጦ በእንጨት ላይ ይሰቀላል። ለበሰለው ደረቅ በቆሎ የጥንቱ ዘዴ በእንጨት አመድ ውሃ መቀቀል ነው፤ ልጣጩ ሲላቀቅ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ይህ አሠራር በቆሎው ውስጥ ያለውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ሰውነት እንዲያገኘው ያደርጋል። አመዱ ከንጹሕ ጠንካራ እንጨት ይሁን፤ ድስቱም የማይዝግ ብረት ይሁን እንጂ አሉሚኒየም አይሁን፣ አመዱ ይበላዋልና።

ዎጃፒ የፍሬ ወጥ ነው፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ በስኳርና በበቆሎ ስታርች ይሠራል፤ በድሮው መንገድ ግን ፍሬው ቀስ ብሎ ተቀቅሎ በቲምፕሲላ ዱቄት ይወፍራል። ለልጆች ሁለቱን ጎን ለጎን ሠርቶ ማቅመስና ስኳሩን በየጊዜው እየቀነሱ መሄድ ከስብከት ይልቅ ይሠራል። ዋስና ደግሞ ቋንጣ በሙቀጫ ተወቅጦ ከደረቀ ቻንፓና ከቀለጠ ሞራ ጋር ተለውሶ የሚሠራ የመንገድ ስንቅ ነው። ቋንጣው ከወጣቶች ጋር ሲሠራ ሥጋው ከመድረቁ በፊት ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይሞቅ፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የሚታደል ምግብ ነውና ጥንቃቄው አይታለፍ።

የጎሽ ሥጋ የሚገኘው ከጎሳዎቹ መንጋዎች ነው። በሮዝበድ በ2020 የተጀመረው ዎላኮታ የጎሽ ማሰማሪያ ወደ 28,000 ኤከር ይሰፋል። ወጣቶቹ ከሚታረደው ጎሽ አንዱን ሲገፍፉና ሲበልቱ እንዲገኙ ከተፈቀደ የጓሮው ዓመት ከዚያ ቀን ጋር ይቀናጅ፤ በቆሎውና ቻንፓው የሚበሉት ከዚህ ሥጋ ጋር ነውና።

ወጣቶቹ

ዕድሜያቸው ከአሥራ አራት በላይ የሆኑት በክፍያ ይሥሩ። ድህነት በበረታበት ቦታ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ታናናሾቹን የሚረዳበት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ነጻ ጉልበት መጠየቅ ጥሩዎቹን ልጆች ያሳጣል። የሻየን ሪቨር የወጣቶች ፕሮጀክት ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች በነባር ሕዝቦች የምግብ ሉዓላዊነት (ሕዝቡ ስለ ምግቡና ስለ አመራረቱ ራሱ መወሰኑ) ላይ የሥራ ልምምድ የሚሰጠው ይህን ተረድቶ ይመስለኛል። የገንዘብ ማመልከቻ ሲጻፍ የወጣቶች ክፍያ ከመሣሪያና ከአጥር በፊት ይቀመጥ።

ኃላፊነቱ እውነተኛ ይሁን፦ አንዷ የውሃውን ቁልፍ ትያዝ፣ ሌላው የዘሩን ሣጥን፣ ሌላዋ የሽያጩን መዝገብ። ምግብ ሙያ ሊሆን እንደሚችልም ይዩ። በፓይን ሪጅ የተወለደው የኦግላላ ላኮታ ሼፍ ሾን ሸርማን በ2021 በሚኒያፖሊስ የከፈተው ኦዋምኒ ምግብ ቤት የስንዴ ዱቄት፣ የወተት ተዋጽኦና የሸንኮራ ስኳር ሳይጠቀም በ2022 የጄምስ ቢርድ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ምግብ ቤት ሽልማት አግኝቷል።

ዘር መያዝና ሁለተኛው ዓመት

በመስከረም፣ ከምርቱ በፊት፣ የዘሩ ተክሎች በቀይ ጨርቅ ይታሰሩ፤ ማንም እንዳይበላቸው። ቦሎቄ ራሱን ስለሚያዳቅል ለጀማሪ ቀላሉ ነው፤ ድርቀቱ የሚታወቀው በጥርስ ሲነከስ ሳይታተም ነው። በቆሎ በነፋስ ስለሚዳቀል አንድ ዝርያ ብቻ በየዓመቱ መዝራት ይሻላል፤ ሌላ በቆሎ በአቅራቢያ ካለ ቢያንስ 250 ሜትር መራቅ ወይም አበባቸው እንዳይገጥም የመዝሪያ ጊዜውን ማራራቅ ያስፈልጋል። ዘሩ ከጥቂት አገዳ ብቻ ከተወሰደ ዝርያው ይዳከማል፤ ከ100 ተክሎች ያላነሰ ቁጥር ካላቸው አገዳዎች ትንሽ ትንሽ ይወሰድ። ዱባ በንብ ስለሚዳቀል ከአንድ ወገን ሁለት ዝርያ በአንድ ጓሮ አይዘራ።

የደረቀው ዘር በመስታወት ማሰሮ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ላይ የዝርያው ስም፣ የመጣበት ሕዝብ፣ የዘራው ወጣት ስምና ዓመቱ ይጻፍ። ከዘሩ ሦስት ድርሻ ይውጣ፦ አንዱ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳ፣ ሁለተኛው ለመጠባበቂያ ከጓሮው ርቆ በሌላ ቤት የሚቀመጥ፣ ሦስተኛው ለቤተሰቦች የሚታደል። ይህ ሦስተኛው ድርሻ በየቤቱ ደጃፍ ትናንሽ ጓሮዎችን ይወልዳል፤ በሁለተኛው ዓመት የጋራው ጓሮ መስፋት ያለበትም በዚሁ በኩል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ተለማማጆች በሁለተኛው ዓመት ለአዲሶቹ ያስተምሩ፤ የውጭ ረዳቱም ከዚያ ዓመት ጀምሮ መኪና በመንዳት፣ ማመልከቻ በመጻፍና ሲጠየቅ ብቻ በማገዝ ይወሰን።